የግራው ጓንት

አፍንጫዬ መቼ እንደከዳኝ አላውቅም። መክዳቱን ካወቅሁ በኋላ ግን ለማንም ትንፍሽ ሳልል ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ዓይን አይደለም፣ እግር አይደለም፣ ሽታ ባይሸተኝ ምን እሆናለሁ ብዬ ነበር። ምን እንደምሆን አንድ ሐሙስ አሳየኝ። የምነግራችሁ የዚያን ሐሙስ ነገር ነው።

የጭሮ ሰው ነኝ፤ ከተማዋ አሰበ ተፈሪ ስትባል ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ሚስት ካገባሁ በኋላ በማታ ትምህርት ስለሆነ እጄ ለመጻፍ ይዘገያል። ግቢዬ ውስጥ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ሲስተር ትዕግሥት የምትባል ነርስ አለች፤ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ልጅ ናት። ፊደሉን እሷ አርማልኛለች። ነገሩን ግን አላስነካኋትም። «አባባ፣ ይሄንን ቢያወጡት ይሻላል፣ ሰው ይታዘብዎታል» ያለችኝ ቦታ አለ። አላወጣሁትም። ስትደርሱበት ታውቁታላችሁ።

ሥራዬ ሹራብ ነበር። በእጅ በሚገፋ የሹራብ መኪና አርባ ዓመት የተማሪ ሹራብ ሠራሁ። ክንዴ ሲደክም መኪናዋን ሸጥኩና ወደ ትርፍራፊ ክር ዞርኩ። ከሹራብ ቤት የሚተርፍ፣ ከሰልባጅ ሹራብ የሚፈታ ቁርጥራጭ ክር በገበያ በጆንያ ይሸጣል፤ ፈላጊ የለውም። እኔ ከውስጡ ሱፍ ሱፉን እለቅማለሁ። በወፍራም መርፌ ላላ፣ ሰፋ አድርጌ እሠራዋለሁ፤ ኮፍያ ከሆነ ሁለት ራስ የሚያስገባ ይመስላል። ያየው ሁሉ ይስቃል። ከዚያ የሚፋጅ ውሃና ሳሙና እያፈሰሱ ማሸት ነው። ግማሽ ቀን ማሸት፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ መውቃት፣ እንደገና ማሸት። ሱፍ ሲጨነቅ እርስ በርሱ ይያያዛል። ይኮማተራል፣ ይወፍራል፣ በመቀስ ብትቆርጡት እንኳ አይተረተርም። በወጣትነቴ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሠራ አንድ የመንዝ ሰው ነው ያሳየኝ። ጭሮ ውስጥ ስም ስላላገኘሁለት እኔ «ጥቅጥቅ» እለዋለሁ። ኮፍያ፣ የጫማ ውስጥ ምንጣፍ፣ የድስት መያዣ ይወጣዋል። ሱፍ እሳት ሲነካው ይጠቁራል እንጂ ቶሎ አይቀጣጠልም፤ ለትኩስ ዕቃ እንደሱ የለም።

ናይለን ሌላ ነው። ናይለን ይቀልጣል። ስለዚህ ክር ሲመጣ አንድ በአንድ ጫፉን በክብሪት ማቃጠል ነው። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። ናይለን ከሆነ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፣ ጫፉም እንደ ጠጠር ይደርቃል። ተንኮለኛው ቅልቅሉ ነው። አመዱ እንደ ሱፍ ይፈርሳል፤ የሚቀረው ጠጠር ከአሸዋ ያነሰ ነው፤ በእኔ ዓይንና የፈላ ውሃ ባደነዘዘው ጣቴ አይገኝም። ቅልቅልን የሚይዘው አፍንጫ ብቻ ነው። እኔም አፍንጫዬ ከተወኝ በኋላ ክብሪቴን እየጫርኩ፣ ክሬን እያቃጠልኩ፣ ሰው ፊት አሸት ነበር። ትንሽ አስብና «ሱፍ ነው» እላለሁ። ማን ይጠይቀኛል?

አንድ ልጅ አለችኝ፣ ሰሚራ። እናቷ ከሞተች ቆይቷል። ለሹራቡ የምገዛውን ክር ስለይ፣ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ክብሪቱን የምትይዝልኝ እሷ ነበረች። «ዓይንሽን ጨፍኚ» እላታለሁ፤ ክሩን አቃጥዬ አፍንጫዋ ሥር አደርገዋለሁ። «ሱፍ!» ትላለች። «ናይለን!» ትላለች። ቅልቅል ሲሆን አፍንጫዋን ትሸበሽብና «ይሄ ሁለት ሰው ነው» ትላለች። አንድም ቀን አልተሳሳተችም።

ካደገች በኋላ የገለምሶ ዳቦ ጋጋሪ አገባች፣ ጀማልን። ጀማልን አልጠላሁትም። የጠላሁት እሳቱን ነው። የሹራብ መኪናዬን ትረከባለች ብዬ ስጠብቅ የእንጨት ምድጃ ፊት ልትቆም ስትሄድ ጊዜ እልህ ያዘኝ። እዚሁ በር ላይ፣ ሻንጣዋን ይዛ ቆማ፣ «እጅሽ ሲቃጠል እንዳትጠሪኝ» አልኳት። አልጠራችኝም። እኔም አልጠራኋትም። አራት ዓመት። በኛ አገር ሰውን በልጁ ስም መጥራት ልማድ ስለሆነ የጭሮ ሰው ዛሬም ድረስ «አባ ሰሚራ» ይለኛል። በቀን ሃያ ጊዜ ስሟን እየሰማሁ አራት ዓመት አልጠራኋትም።

በዚህ ዓመት ኢብራሂም የሚባል የገለምሶ መስመር የሚኒባስ ሹፌር ደጄ ቆመና፣ «አባ ሰሚራ፣ ልጅህ የዳቦ መጋገሪያ ፓትራውን ከምድጃ የምታወጣው በቃጫ ጆንያ ጨርቅ ነው። ክንዷ ላይ ጠባሳ አየሁ» አለኝ።

«ጠየቅሁህ?» አልኩት።

«አልጠየቅኸኝም። ነገርኩህ» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ጓንት ጀመርኩ። እስከ ክርን የሚደርስ፣ ጥንድ። ቀኙ ሸጋ ሆኖ ተኮማተረ። ግራው አስቸገረኝ። ያንኑ ያህል አሽቼ፣ ያንኑ ያህል ወቅቼ፣ እምቢ አለ። «ሳሙናው ነው» አልኩ። ሳሙና ለወጥኩ። «ውሃው ነው» አልኩ። ውሃ ጨመርኩ። በመጨረሻ በግድ ያዘልኝ። ሰኞ ዕለት ለኢብራሂም ሰጠሁትና «ንጹሕ ሱፍ ነው በላት። ሌላ ነገር አትበል» አልኩት።

ማክሰኞ ሲመለስ ጠበቅሁት።

«ምን አለች?»

«ምንም። ተቀበለችኝ፣ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች። ሥራ ላይ ናት፤ ለሐሙስ የሰርግ ዳቦ ተቀብላለች። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ምድጃውን ትከፍታለች አሉ፣ እስከ ማታ መጋገር ነው።»

አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። ይቺን ቃል ይዤ ሁለት ቀን እንደ ሙሽራ ዋልኩ። የአባቷ ጠረን ናፍቋት ነው ብዬ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲስተር ትዕግሥት ከክፍሏ ጮኸች። ስወጣ ግቢው ቧንቧ ሥር እጇን ዘርግታ ቆማለች። ሌባ ጣቷና አውራ ጣቷ ተልጠዋል። መሬት ላይ ባለፈው ሳምንት በስጦታ የሰጠኋት የድስት መያዣ ወድቋል። ጠርዙ ጠቁሮ ያብለጨልጫል።

«አባባ፣ ይሄ ሱፍ ነው ብለውኝ አልነበረም?»

«ሱፍ ነው።»

«ይምጡና ይዩዋ! የኤሌክትሪክ ምድጃው ሽቦ ነካው፣ ቀልጦ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ስስበው ቆዳዬን ይዞ መጣ! ግቢው በሙሉ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል፣ አይሸትዎትም?»

«ይሸተኛል» አልኩ። ምንም አልሸተተኝም።

«ይሄ እኮ ጨዋታ አይደለም አባባ። የፈላ ውሃ ያቃጥልና ይወርዳል። ቀልጦ የሚጣበቅ ነገር ግን አይወርድም፣ እዚያው ተቀምጦ ያበስላል። ጣቴ ስለሆነ ነው እንጂ ሙሉ እጅ ቢሆን፣ ጣት ከጣት ነው የሚያጣብቀው። ክሊኒክ ውስጥ አይቻለሁ። እጅ ሳይሆን አካፋ ሆኖ ይቀራል።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ከየትኛው ክር ነው የሠሩት?»

ያንን የድስት መያዣ የሠራሁት ከግራው ጓንት በተረፈው ክር ነበር። እምቢ ካለው።

ሰዓት ጠየቅኋት። ሦስት ከሩብ አለችኝ። ለዙሁር ሦስት ሰዓት ከምናምን ቀርቷል። ሰሚራ ከአንድ ዓመት በፊት ስልኳን በወረቀት ጽፋ በኢብራሂም ልካልኝ ነበር። ቁርአኔ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ እንጂ አንድም ቀን ደውዬበት አላውቅም። አወጣሁና ለሲስተር ሰጠኋት። በተላጠ ጣቷ ደወለች። ዝግ ነው። የጀማልን አናውቅም። እንደገና ደወለች። ዝግ።

«ገለምሶ ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ባትሪ ጨርሳ ይሆናል። አባባ፣ ምን ሆነው ነው? ፊትዎ አመድ መሰለ።»

ኮቴን ደረብኩና ወጣሁ።

መናኸሪያው ስደርስ የኢብራሂም መኪና ቀድማ ወጥታለች። ሌላ ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ «ገለምሶ! በዴሳ፣ ገለምሶ!» ይላል። ውስጡ አራት ሰው።

«መቼ ነው የምትሄዱት?»

«አሁን! ግባ አባባ፣ አሁን ነው።»

የመናኸሪያን «አሁን» ታውቁታላችሁ። ገባሁ። አንድ ሴትዮ በርበሬዋን ጫነች፣ ወረደች፣ ጫነች። ሁለት መምህራን መጡ፣ አንዱ ሻይ ልጠጣ ብሎ ሄደ። አራት ሰዓት ሆነ። ረዳቱን ጠራሁት።

«አንተ፣ አሁን ያልከው የትኛውን አሁን ነው?»

«ሁለት ሰው ብቻ ቀረ አባባ።»

«ቅድምም ሁለት ነበር።»

«ያኔ የነበሩት ሁለት ሌሎች ናቸው» ብሎ ሳቀ። መኪናው ሁሉ ሳቀ። በሌላ ቀን ቢሆን በከዘራዬ አናቱን ባልኩት ነበር። ያን ቀን ከዘራዬን በሁለት እጄ ይዤ ጉልበቴን እያየሁ ቁጭ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ፣ «ምነው አባ ሰሚራ፣ ሰው ታሞብህ ነው?» አለችኝ። «አይ» አልኩ። ምን ልበል? ልጄን ላቃጥላት ነው ልበል?

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። አርበረከቴን፣ ቀጥሎ ቁኒን አለፍን፣ መኪናው ደህና ይሄዳል፤ በልቤ ዳገቱን ቁልቁለቱን እየቆጠርኩ እደርሳለሁ፣ እደርሳለሁ እላለሁ። ከቁኒ ወዲያ ጠመዝማዛው ላይ ስንወርድ ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። አንድ የጭነት መኪና መንገዱን አጋድሞ ዘግቶታል። የኋላ ጎማው ወልቆ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ከወዲህም ከወዲያም መኪና ተሰልፏል። ሹፌሮቹ ወርደው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ የተቀመጠ ሹፌር ማለት ደግሞ ብዙ ሰዓት ማለት ነው።

ወረድኩ። ረዳቱ «አባባ፣ ወዴት ነው?» አለኝ። በጭነት መኪናውና በገደሉ መካከል ባለችው ክንድ በማታህል መተላለፊያ ከዘራዬን ይዤ ጎኔን ለጥፌ አለፍኩ። ድንጋይ ከእግሬ ሥር ሲወርድ ሰማሁት፤ ታች ሲደርስ አልሰማሁትም።

ወዲያ ማዶ አንድ ሰው ሞተሩን አዙሮ ሊሄድ ነው። ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ጉንጩ በጫት የተወጠረ ጎልማሳ። ወደ ጭሮ ሲመጣ መንገዱ ተዘግቶበት ወደ ገለምሶ የሚመለስ የጫት ነጋዴ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም። ገለምሶ አድርሰኝ።»

«ወአለይኩም ሰላም። አባባ፣ ይሄ ሞተር ነው፣ አምቡላንስ አይደለም። ወድቀህ ብትሰበር ልጆችህ እኔን ነው የሚከሱኝ።»

«አልወድቅም።»

«ሰው ታመመ?»

«አልታመመም።»

«ሞተ?»

«አልሞተም!»

«ታዲያ ምን ያጣድፍሃል? ጥላ ሥር ቁጭ በል፣ መኪናው ይነሳል።» ሞተሩን ረገጠ።

እጄን መሪው ላይ ጣልኩ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ሁለት ዓመት ለሲስተር ያልነገርኩትን፣ ለኢማሙ ያልነገርኩትን፣ ለዚያ ጉንጨ ትልቅ ሰውዬ መንገድ ዳር ነገርኩት። ልጄ ዳቦ ጋጋሪ ናት፣ ጓንት ሠራሁላት፣ ሱፍ ነው አልኩ፣ ናይለን አለበት፣ ከዙሁር በኋላ እሳት ውስጥ ታስገባዋለች አልኩት።

«ሱፍ ሠሪ ነኝ ትላለህ፣ ናይለኑን እንዴት ሳታውቀው?»

«አፍንጫዬ አይሸትም።»

«አይሸትም ማለት?»

«ምንም አይሸተኝም።»

መነጽሩን አወጣ። የሞተሩን የነዳጅ ክዳን ከፈተና «ጠጋ በል» አለኝ። ጎንበስ አልኩ። «እህ?»

«ምንም።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ። ውሃ ቢሆንም አላውቅም።»

ክዳኑን ዘጋ። ጫቱን ተፋ። «ውጣ። ወገቤን ያዝ፣ ዓይንህን ጨፍን፣ አትጩህ» አለኝ።

ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ አልጮህኩም። አቧራው ጥርሴ ውስጥ ገባ። በዴሳ ስንደርስ ከመስጊዱ የዙሁር አዛን ሲጠራ ሰማሁ። ሰውዬው አንገቱን ወደኔ አዞረና «አባባ፣ እንስገድ ወይስ እንንዳ?» አለ። «ንዳ። አላህ ያየናል» አልኩት። ነዳ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የማስታውሰው እጆቿን እያሰብኩ ነው። ሰባት ዓመቷ ሳለ ክብሪት የያዙትን ትንንሽ ጣቶች። «እጅሽ ሲቃጠል እንዳትጠሪኝ» ያልኩትን። አሁን ማን ነው የሚጠራው እያልኩ።

ገለምሶ ስንገባ ሶላት አልቋል፤ ሰው ከመስጊድ ይበተናል። ዳቦ ቤቱን ሰውዬው ያውቀዋል። በሩ ላይ ሦስት ሴቶች ቆመዋል። ጭስ በመስኮቱ ይወጣል።

«ምን ይሸታል?» አልኳቸው።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ «ምን ሊሸት? ዳቦ ነዋ» አለች።

ዳቦ ብቻ። ገና ነው ማለት ነው፣ ወይም አብቅቷል ማለት ነው። ገፍቼ ገባሁ።

ሰሚራ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። የምድጃው አፍ ተከፍቶ ፍሙ ይንቦገቦጋል። ቀኝ እጇ ላይ ጓንቴ አለ፣ እስከ ክርን። እጇን ወደ ፓትራው ዘረጋች።

«ሰሚራ! እጅሽን!»

ዘወር አለች። ደርሼ ክንዷን በከዘራዬ መታሁት። ፓትራው ምድጃው አፍ ላይ ተንጓጓ። ጓንቱን ይዤ ስጎትት፣ ስጎትት፣ እሷ አልተወችኝም።

«አባ! ምን ሆነሃል? አባ!»

«አውልቂው! ናይለን ነው! ይቀልጣል!»

ጓንቱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ይሄ ቀኙ ነው» አለች። «ቀኙ ሱፍ ነው።»

ግራ እጇን ያኔ አየሁት። ያ የድሮው የጆንያ ጨርቅ ተጠቅልሎበታል።

እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። መደርደሪያው ላይ የዱቄት ጆንያ አለ፣ ጆንያው ላይ የግራው ጓንት። አውራ ጣቱ ጫፍ ላይ ጠቁሯል።

«የመጣ ዕለት አሸተትኩት» አለች። «ሳሙናው ሸተተኝ፣ የእርጥብ ሱፍ ሽታው ግን አነሰብኝ። ከሁለቱም ጫፍ ጫፉ ላይ ክብሪት አስጠጋሁ። ቀኙ ጸጉር ሸተተ። ግራው ሁለት ሰው ነው።»

ስለዚህ አፍንጫዋ ላይ ያደረገችው ናፍቃኝ አልነበረም። እየመረመረችኝ ነበር። መሬት ላይ ያለ ሌላ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

«ካወቅሽ ለምን አልላክሽብኝም?»

«ምን ብዬ ልላክ?» ድምጿ ተለወጠ። «አባቴ የእሳት ጓንት ሠርቶ ንጹሕ ሱፍ ነው ብሎ ናይለን ላከልኝ ብዬ? ጭሮ ውስጥ ከአንተ በላይ ክር የሚያውቅ የለም። አንተ ናይለንን ከሱፍ አትለይም? አንተ? ሦስት ቀን አሰብኩበት፣ አባ። በር ላይ ያልከኝን አስታወስኩ። እጅሽ ሲቃጠል ያልከኝን። ሆን ብሎ ነው አልኩ። ሌላ ምን ልበል?»

እንግዲህ ሲስተር ያውጡት ያለችኝ ቦታ ይኸው ነው። ልጄ አባቴ ሊያቃጥለኝ ነው ብላ ሦስት ቀን አድራለች። ይህን ለማጥፋት አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትበቃው። እኔ ግን ዝም አልኩ። በዚያች ሰዓት ከልጄ ፊት፣ ያስተማርኳትን መለየት ያቃተኝ የማይረባ ሽማግሌ ከምሆን ክፉ አባት መሆኑ የተሻለ መሰለኝ። ክፉ አባት ቢያንስ ሥራውን ያውቃል።

ሰሚራ ታየኛለች። ድንገት አፍንጫዋ እንደ ልጅነቷ ተሸበሸበ። ወደ ምድጃው ዘወር አለች፣ እንደገና ወደኔ። ደጅ ያሉት ሴቶች «ሰሚራ! ዳቦው! ዳቦው አረረ!» እያሉ ይጮኻሉ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም። የማየው ነገር አልነበረም፤ ምድጃው ከጓዳው ግድግዳ ወዲያ ነው፤ ማረሩ እሷን ሸትቷታል፣ እኔ ግን ሴቶቹ እስኪጮኹ ድረስ ፊቴን እንኳ አላዞርኩም።

«አባ» አለች፣ ቀስ ብላ። «አሁን ምን ይሸትሃል?»

«ምን ይሸተኛል?»

«አንተን ነው የጠየቅሁህ።»

ፊቷን አየሁ። ለዚያ ለጫት ነጋዴ ያልኩትን ለልጄ ማለት ያን ያህል ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ምንም አይሸተኝም፣ ሰሚራ።»

«ምንም?»

«ምንም። ሁለት ዓመት ሆነው።»

አንድ ሙሉ ፓትራ የሰርግ ዳቦ ከሰል እየሆነ እሷ እዚያው ቆመች። ከዚያ ሮጣ ወጣች። ፓትራው ሲንኳኳ፣ ውሃ ሲደፋ፣ ጀማል ከደጅ ሮጦ ገብቶ «ምን ተፈጠረ?» ሲል ሰማሁ። «ምንም አልተፈጠረም፣ አባቴ መጥቶ ነው» አለችው። ስትመለስ ፊቷ ላይ ዱቄትና እንባ ተለውሷል። አጠገቤ ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

«ለማን ነገርክ?»

«ለአንድ ሞተር ነጂ።»

«መቼ?»

«ቅድም።»

ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች። «አራት ዓመት ሙሉ ለኔ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ለሞተር ነጂ!» አለች። ያ ሰውዬ ለካ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ «እኔም አላመንኩትም፣ ቤንዚን አስሸትቼው ነው ያመንኩት» ብሎ ገባ። ሰሚራ ከደኅናው ዳቦ አራት ሰጠችው። ቀሪውን ቀን ፍልጥ ስሰጣት ዋልኩ። በቀኝ እጇ ጓንቴን፣ በግራዋ የጆንያውን ጨርቅ ይዛ የሰርጉን ዳቦ ጨረሰች።

አርብ ወደ ጭሮ ተመልሼ ግራው ጓንት ከተሠራበት የክር ጆንያ የወጣውን ሁሉ ቤት ለቤት ዞሬ ሰበሰብኩ። እንዲህ ነው የሆነው፣ አፍንጫዬ አይሸትም፣ ናይለን አለበት፣ መልሱልኝ እያልኩ። የመጀመሪያው ቤት ላይ ምላሴ ተሳሰረ። ሦስተኛው ላይ ቀለለኝ። አንዷ ባልቴት «እኔም ጆሮዬ አይሰማም፣ አባ ሰሚራ፤ ምን አልክ?» አለችኝ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ልመክራችሁ አይደለም፤ ምክር አልወድም፣ ሲመክሩኝም አልሰማም ነበር። ግን ከናንተ መካከል አንድ ነገሩ የከዳው ሰው ካለ፣ ዓይኑ ወይ ጆሮው ወይ ማስታወሱ፣ ለአንድ ሰው ይንገር። ስትደብቁት ጉዳቱ የናንተ ብቻ ይመስላችኋል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። የኔን ዝምታ ግን ልጄ እጇ ላይ ልታጠልቀው ነበር።

አሁን ሥራዬን አልተውኩም። ክር ሲመጣ ከእያንዳንዱ አንድ ጣት የምታህል እቆርጥና በቁጥር ሳይሆን በተራ ገመድ ላይ አስሬ በኢብራሂም ወደ ገለምሶ እልካለሁ። ሰሚራ ታቃጥላለች፣ ታሸታለች። ጽሑፍ እንደሚከብደኝ ስለምታውቅ በቋጠሮ ነው የምትመልስልኝ። አንድ ቋጠሮ ሱፍ፣ ሁለት ቋጠሮ ናይለን ያለበት፤ በደነዘዘ ጣቴም ይዳሰሳል። ሦስት ቋጠሮ ከሆነ «አልለየሁትም፣ መጥተህ አብረን እንየው» ማለት ነው። አዲሱ የግራ ጓንትም እንዲያ ተሠርቶ ሄዷል።

በዚህ ሳምንት የላክሁት እስር ውስጥ አንድ ክር ከራሴ ከአሮጌው ሹራቤ ፈትቼ የጨመርኩት ነበር። እናቷ ፈትላ እኔ የሠራሁት፣ ሰሚራ ሕፃን ሆና ደረቴ ላይ የምትተኛበት። ከዚያ የጠራ ሱፍ በዚህ አገር የለም፤ ይህን ደግሞ እሷ ከኔ ይልቅ ታውቃለች።

ዛሬ ተመልሶ መጣ። ዳሰስኩት። ሦስት ቋጠሮ ነው።

ነገ በጠዋት መናኸሪያ እወርዳለሁ።